ከቢቸና ሞጣ፦ ሦስት ሌሊትና አንድ የማር ጋን

ሞጣ ሩቅ አገር አይደለም። መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን ከቢቸና ማልዶ የተሳፈረ ሰው ምሳውን ሞጣ ይበላል። እኔ ግን እዚያ ለመድረስ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ከሄድኩበት ተመልሼ ይህንኑ ለስኳር ክትትል ክፍሏ ሲስተር ስነግራት ሳቀችና «ጻፊው» አለችኝ። «እዚህ ወንበር ላይ ተራ ከሚጠብቁት ልጆች ከቤቱ ውጭ አንድ ሌሊት አድሮ የማያውቅ ስንት አለ መሰለሽ?» እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም። ወረቀት ላይ ግን ማንም ፊቴን አያየኝም፤ ስለዚህ ጻፍኩት።

አስቀድሜ ስለ ሌሊት ልናገር፤ ያለዚያ ጉዞው አይገባም። የእኔ ሰውነት ኢንሱሊን የሚባለውን ነገር ራሱ አያመርትም፤ ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በፊት፣ በመርፌ እሰጠዋለሁ። ቀን ቀን ስኳሬ ሲወርድ ይታወቀኛል። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ከንፈሬ ይደነዝዛል፤ ከረሜላ እበላለሁ፣ ያልፋል። የተኛ ሰው ግን ምን ያውቃል? ስለዚህ ከአሥራ አንድ ዓመቴ ጀምሮ አባቴ በየሌሊቱ ዶሮ ሲጮኽ ባትሪውን ይዞ ይመጣና መዳፉን ማጅራቴ ላይ ያሳርፋል። ማጅራቴ ደረቅ ከሆነ ይመለሳል። ላብ ካለው ይቀሰቅሰኝና ስኳር በውሃ በጥብጦ ያጠጣኛል። የደም ጠብታ የሚነካው የመለኪያው ወረቀት፣ ስትሪፑ፣ ሲኖረን ይለካኛል፤ ቁጥሩንም ደብተር ላይ ይጽፋል። አባቴ ፊደል የቆጠረው ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ የሚጽፈው በግዕዝ አኃዝ ነው። ሲስተሯ ደብተሩን በገለጠች ቁጥር «አሁን ይህን ማን ያነብልኛል?» ትላለች፤ እኔ አነብላታለሁ። አባቴ ገበሬ ነው፣ እጁ ሻካራ ነው። አንዳንድ ሌሊት ቀድሜ እነቃና የተኛሁ መስዬ እጁን እጠብቃለሁ። ይህን ነግሬው አላውቅም።

እናቴ የሞተችው ገና በእግሬ ሳልሄድ ነው። ያሳደገችኝ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፣ ሞጣ። «እታለም» ነው የምላት። እታለም ማር ነጋዴ ናት። ጥቅምትና ኅዳር ገበሬዎች በቅልና በእንስራ ማር ይዘው ደጇ ላይ ይሰለፋሉ፤ ቤቷ ሰም ሰም፣ ጭስ ጭስ ይሸታል። ትልቁ ጋን ማሩ ሲያልቅ ለብ ያለ ውሃ ታፈስበትና ታለቀልቀዋለች፤ እጣቢውን በጣሳ ለእኔ ትሰጠኝ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ የሚቀኑብኝ በዚያ እጣቢ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ የውሃ ጥም መጣ፣ ከሳሁ፣ ፍራሽ ማርጠብ ጀመርኩ፤ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ወደቅሁ። ሐኪም ቤት ስነቃ አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ወደ ቢቸና ወሰደኝ፤ ከዚያ በኋላ ሞጣን አላየኋትም። እታለም በዓመት አንዴ ትመጣና ሳታድር ትመለሳለች። ስታየኝ ታለቅሳለች፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

ባለፈው መስከረም መጨረሻ መልእክት ላከች። ጎረቤቷ ያለች ጥልፍ ጠላፊ ሴት ረዳት ትፈልጋለች። የኔ ጥልፍ ደግሞ፣ ራሴን ማመስገን አይሁንብኝ እንጂ፣ ደህና ነው። አባቴ አንድ ሳምንት ሙሉ ዝም አለ። በስምንተኛው ቀን እራት ላይ፣ «ሦስት ሌሊት አድረሽ ነይ» አለኝ። «ሌሊቱን ካወቅሽበት ትሄጃለሽ። ካላወቅሽበት ከኔ ጋር ነሽ።» ደብተሩን ሰጠኝ። የቀሩኝ ስትሪፖች ስድስት ነበሩ።

የመጀመሪያው ቀን

ቤታችን ፍሪጅ የለም። ኢንሱሊኔ የሚቀመጠው እርጥብ አሸዋ በተሞላ ማሰሮ ውስጥ ነው፤ አሸዋው ቀን ከሌሊት ቀዝቃዛ ነው። ለመንገዱ አባቴ ትንሽ ማሰሮ አዘጋጀልኝ፤ አሸዋውን አርጥቦ፣ ጠርሙሱን በላስቲክ ጠቅልሎ ቀበረልኝና አፉን በነጭ ጨርቅ አሰረው። ከረሜላዬን በቦርሳዬ የጎን ኪስ ከተትኩ። መናኸሪያ ሸኘኝ። እኔ ብዙ ምክር ስጠብቅ እሱ በመስኮቱ በኩል «ዶሮ ሲጮኽ» ብቻ ብሎኝ ሄደ።

አጠገቤ የተቀመጡት አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት ነበሩ። ስማቸው እማማ አስካል ነው፤ የደብረ ወርቅ ሰው ናቸው። ጭኔ ላይ ያቀፍኩትን ማሰሮ አዩ። ነጩ ጨርቅ ርሶ ይንጠባጠባል።

«ልጄ፣ ጠበል ነው?»

አይደለም ለማለት ምን እንደሆነ መናገር አለብኝ። ለመናገር ደግሞ አውቶቡስ ሙሉ ሰው እየሰማ «ስኳር አለብኝ» ማለት ነው። አዎ ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ።

«የየት ታቦት ነው?»

«የጊዮርጊስ» አልኩ። አንዴ ከጀመርኩ መውጫ አልነበረኝም።

እማማ አስካል ማሰሮውን ሦስት ጊዜ ተሳለሙ። ጥቂት እንደሄድን ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው፣ «ራሴን ወግቶኛል፤ እስቲ ጠብ አድርጊልኝ» አሉኝ።

«ለታመመ ሰው ነው፣ እማማ።»

«እኔስ ጤነኛ መሰልኩሽ?»

ከኋላችን የተቀመጠ ሰውዬ አዳነኝ። «እማማ፣ ልጅቱን ይተዉአት! መንገድ ላይ የተከፈተ ጠበል ለቤት አይደርስም» አለ። እሳቸውም «አንተ ደግሞ መቼ ቀደስክና ነው!» አሉትና ተሳሳቁ። እኔ ግን በጥቅምት ብርድ በላብ ተጠመቅሁ። ስኳሬ ወርዶ ይሆን ብዬም ፈራሁ፤ ያላበኝ ግን ውሸቴ ነበር።

ደብረ ወርቅ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። ተቀይሮ ስንደርስ ደግሞ ወደፊት ያለው መንገድ ለዛሬ ተዘግቷል ተባለ። ማን ዘጋው ብሎ የጠየቀ የለም። በዚያ ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ስልክም አይሠራም፤ ሰው እንደ ዝናብ ለምዶታል። ተሳፋሪው ወደየሆቴሉ ተበተነ። እማማ አስካል ግን ክንዴን ያዙ።

«ጠበል ይዘሽ ሰካራም መሀል ልታድሪ? ነውር ነው። ነይ!»

ቤታቸው ከእኛ ቤት ጠበብ ይላል፤ ግቢያቸው ግን ጌሾና ጤና አዳም ሞልቶበት ደስ ይላል። እኛ ግቢ የሚበቅለው የአባቴ ሽንኩርት ብቻ ነው። ገና ሳልቀመጥ ማሰሮዬን ተቀብለው ከፍ ካለው መደርደሪያ፣ ከእመቤታችን ሥዕል አጠገብ አስቀመጡትና ጧፍ አበሩለት። መድኃኒቴ ጧፍ በርቶለት ከላይ ያየኛል፤ እኔ ከታች አየዋለሁ። የመርፌዬ ሰዓት ደርሷል። «ያውርዱልኝ» ማለት አቃተኝ።

እራት ቀረበ። ቅቅል ነበር። «በጥቅምት አንድ አጥንት!» እያሉ ትልቁን ቁራጭ ወደ እኔ ገፉ። ከዚያ በቅቤና በበርበሬ የራሰ አነባበሮ መጣ። ከመርፌ በፊት መብላት እንደሌለብኝ አውቃለሁ፤ ግን «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ሲሉኝ አፌ ራሱ ይከፈታል። እኛ ቤት አባቴ ለእኔ የሚበቃኝን ያህል ቆርሶ ይሰጠኛል እንጂ ጨምሪ አይልም። የሚለምነኝ ሰው ካየሁ ብዙ ዓመቴ ነው፤ ሳልዋሽ ልናገርና፣ ደስ ብሎኝ በላሁ።

እማማ አስካል በሩን ሊዘጉ ሲወጡ በርጩማ ላይ ቆሜ ማሰሮውን አወረድኩና ነጠላዬ ሥር ተወጋሁ፤ እንደገና በርጩማው ላይ ወጥቼ ማሰሮውን ወደ ቦታው መለስኩ። ከምግብ በኋላ የተወጋ መርፌ ግን እንግዳው ከሄደ በኋላ እንደፈላ ቡና ነው። ልተኛ ስል ስለካ 312 አለኝ፤ እጅግ ከፍ ብሏል። ያን ሌሊት አምስት ጊዜ ሽንት ቤት ወጣሁ፤ ሽንት ቤቱ ከግቢው ጫፍ ነው፤ በወጣሁ ቁጥር ውሻው ሰፈሩን ቀሰቀሰው።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት እማማ አስካል ወገባቸውን ይዘው ቆሙ። «ምነው ልጄ! ጅብ እንኳ ሌሊቱን እንዳንቺ አይወጣ አይገባም። ምን ሆነሻል?»

ሰው አልነበረም፤ እሳቸውና እኔ ብቻ። መሬት መሬት እያየሁ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስኳሩን፣ መርፌውን፣ ማሰሮውን። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ቀና ብለው መደርደሪያውን አዩ።

«እኔ ለመርፌ ነው ጧፍ ያበራሁት?»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ይሁን፣ መድኃኒትም ቢሆን ከእግዜር ነው፤ ጧፌ አልባከነም። ያናደደኝ ሌላ ነው። አልበላም ብትይኝ እሞት ነበር? ማሰሮዬን አውርዱልኝ ብትይ እጄ ይቆረጥ ነበር? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?» አሁን እውነቱን ስላወቁ ማሰሮውን ራሳቸው አውርደው አሸዋውን በቀዝቃዛ ውሃ አራሱልኝ። ስለካ 190 ነበር። መርፌዬን ፊታቸው ተወጋሁ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው «በስመ አብ» አሉ። ቀጥለው፣ «አሁን ስንት ቁራጭ ልቁረስ? አንቺ ንገሪኝ» አሉኝ። ሰው እንዲህ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ረፋድ ላይ መንገዱ ተከፈተ። ከደብረ ወርቅ እስከ ቀራንዮ ግራ ቀኙ ጤፍ ነው፤ ቢቸና ዙሪያ እንዳለው ሊነጣ ጀምሯል፤ ልዩነቱ የኛው ሜዳ ላይ ሲተኛ ይህኛው ዳገት ላይ መንጠልጠሉ ነው። ቀራንዮ ላይ በመኪናው መስኮት ሥር ብርቱካን የሚሸጡ ልጃገረዶች አየሁ፤ አንዷን ጠርቼ አንድ ገዛሁ፤ ለመጥራት እስክደፍር ግን መኪናው ሊነሳ ነበር። ሞጣ ስንገባ ልቤ ከመኪናው ቀደመ። ትዝ የሚለኝ መንገድ ሰፊ ነበር፤ ያየሁት ጠባብ ነው። ትልቁ ዛፍም ትንሽ ሆኗል። ነፋሱ ብቻ ያው ነው፤ ከቢቸናው ይልቅ ቀጠን ብሎ ጆሮ ላይ የሚያፏጭ።

እታለም ደጃፍ ላይ ነበረች። አቅፋኝ አለቀሰች፣ አገላበጠችኝ፣ «ከሳሽ» አለች፣ ደግሞ «አማረብሽ» አለች። ቤት ገባሁ። ገብቼ ቆምኩ። የሆነ ነገር ጎድሏል። መደቡ አለ፣ ሣጥኑ አለ፣ ጓዳው ጥግ ትልቁ ጋን አለ። ሽታው ግን የለም። ጥቅምት ነው፤ ይህ ቤት በጥቅምት ከውጭ ንብ የሚጠራ ቤት ነበር። አሁን የሚሸተው ሳሙና ነው። ንግዱን ትታው ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ ግን መጠየቅ አፈርኩ። የእማማ አስካል ምክር ገና አልዘለቀኝም ነበር።

እታለም ቦርሳዬን ተቀብላ «ልብስሽ አቧራ በአቧራ ነው፤ እኔ አራግፍልሻለሁ» አለች። ከሰዓቱን የድሮ ቦታዎቼን ስታሳየኝ ዋልን፤ ትምህርት ቤቴን፣ ውሃ የምቀዳበትን፣ ከልጆች ጋር የምንንሸራተትበትን ቁልቁለት። ወጣን ወረድን። የወደቅሁበት ክፍል መስኮቱ ላይ ፊቴን ለጥፌ አየሁ፤ ወንበሮቹ ትንንሽ ናቸው። ብዙ መሄዴን ልብ አላልኩም፤ ስኳር ግን ልብ ይላል።

እራት ላይ መርፌዬን በሰዓቱ ተወጋሁ። ያለፈው ሌሊት 312 ስላስፈራኝ ግን ከቀረበልኝ ግማሹን ብቻ በላሁ። እታለምም «ብዪ» አላለችኝም፤ የምግቡን ሳህን እንደ እሳት ነበር የምታየው። ስተኛ ልለካ አሰብኩና አራት ስትሪፕ ብቻ እንደቀረኝ ትዝ አለኝ፤ «ይቆይ» አልኩ። ሙሉ መርፌ፣ ግማሽ እራት፣ ሙሉ ቀን መንገድ፣ ሳይለኩ መተኛት። ይህን የምታነቡ ልጆች አራቱን አንድ ላይ እንዳታደርጓቸው።

የነቃሁት ዶሮ ሲጮኽ ነው። ለምን እንደነቃሁ መጀመሪያ አልገባኝም። ጨለማው ውስጥ ተኝቼ የሆነ ነገር እጠብቃለሁ። ከዚያ ገባኝ፤ የምጠብቀው የአባቴን እጅ ነው። አልመጣም። የራሴን እጅ አንስቼ ማጅራቴ ላይ አደረግሁ። ውሃ ነው። ትራሱም ርሷል። እጄ እዚያው እንዳለ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ቦርሳዬን ዳበስኩ፤ የጎን ኪሱ ባዶ ነው።

«እታለም! ከረሜላዬስ?»

እታለም በርግጋ ተነሳች፤ መብራት ስለሌለ ኩራዝ ለኮሰች። «ከረሜላውን? ለጎረቤት ልጆች ሰጠሁት። ሰው እንዴት ስኳር ይዞ ለስኳር በሽተኛ...»

«ስኳር ስጪኝ። ቶሎ።»

«ስኳር የለም፣ የኔ ልጅ። ላንቺ ስል ቤቱን አጽድቼ ነው የጠበቅሁሽ። ስኳሩንም ማሩንም ጎረቤት አስቀመጥኩት። እዚህ ቤት ጣፋጭ የሚባል አንድም የለም።» ይህን ስትናገር ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበረበት። የበጋ ንግዷን በሙሉ፣ እንስራ በእንስራ፣ ለእኔ ብላ ከቤት አውጥታለች።

«ጎረቤት እንሂድ።»

«በዚህ ሰዓት? በዚህ ጊዜ ሌሊት ማን ይከፍታል?»

ምላሴ መወፈር ጀመረ። ኩራዙ ሁለት ሆኖ ታየኝ። ሳስበው፣ ቀራንዮ የገዛሁትንም ብርቱካን መንገድ ላይ በልቼዋለሁ። ያኔ ዓይኔ ጓዳው ጥግ ላይ አረፈ።

«ጋኑስ? ታጥቧል?»

እታለም «አልታጠበም» አለች። ጋኑን ለብቻዋ ማንሳት አልቻለችም፤ ማሩ ወጥቶ ጋኑ ሳይታጠብ ቀርቷል።

«ውሃ ጨምሪበት። እጣቢውን ስጪኝ።»

«አላደርገውም!» አለች። እጇን ከጀርባዋ ደበቀች፤ እንደ ልጅ። «አንዴ በዚህ እጄ በሽተኛ አድርጌሻለሁ። በዚያ እጣቢ አይደል የታመምሽው? ሁለተኛ አልሰጥሽም፤ ብሞት አልሰጥሽም!»

ያኔ ነው አሥራ አንድ ዓመት የምታለቅስበት ነገር የገባኝ። ግን ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም። ከአፌ ወጥቶ የማያውቅ ድምፅ ወጣ። «እታለም! ስኳሬ ወርዷል እንጂ አልወጣም! አሁን ካልሰጠሽኝ እስኪነጋ አልቆይም። አምጪ!»

እሷ ላይ ጮኼ አላውቅም። ማንም ላይ ጮኼ አላውቅም። እታለም ተነሳች። ውሃ ቀዳች፣ ጋኑን በጉልበቷ አዘነበለች፣ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገብታ ግድግዳውን በጣቶቿ ፈተገችው። እኔ ጣቴን ወጋሁና ለካሁ፤ 48። ከ70 በታች መውረድ የለበትም። በጣሳ አመጣችልኝ፤ ጣሳውን ግን አልለቀቀችውም፤ ሁለታችንም ይዘነው ጠጣሁ።

ሰም ነበረው፣ ጭስ ነበረው፣ የንብ ክንፍ ምላሴ ላይ ቀረ። አሥራ አንድ ዓመት ማር ቀምሼ አላውቅም። በዚያ ጨለማ፣ በላብ ርሼ፣ የሰፈሩ ልጆች ደጅ ቆመው እየቀኑብኝ መሰለኝ።

ሩብ ሰዓት ቆይቼ ስለካ 76 ሆነ። ቁራሽ ዳቦ በላሁበት። እታለም ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳትነቅል መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«የሚያድነውም የሚገድለውም አንድ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ሲወጣም ይጎዳል፣ ሲወርድም። ደግሞ በማር አልታመምኩም። ሲስተሯ ነግራኛለች፤ የኔ ዓይነቱ ጣፋጭ በመብላት አይመጣም። ሰውነቴ ራሱ ነው ኢንሱሊን የሚሠራበትን ያጠፋው። ማር ነክቼ ባላውቅም ይይዘኝ ነበር።»

እጇን አገላብጣ አየችው።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

«አንቺም አልተናገርሽማ!»

እሷ በክንዷ ላይ ማር እንደተለጠፈ፣ እኔ ትራሴ እንደራሰ፣ ሁለታችንም ሳቅን።

ሦስተኛው ቀን

ፀሐይ ስትወጣ ማሩ ተመለሰ። እታለም እንስራውን ከጎረቤት እያስመጣች አንድ ባንድ ደረደረችው፤ ሰዎች «ማሩ እንደ ጥምቀት ታቦት ወጣ ገባ አለ እኮ!» እያሉ ይቀልዱባታል። ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱ ሽታውን አገኘ። ጥልፍ ጠላፊዋ ጎረቤት ሥራዬን አየች፤ የጠለፍኩትን መስቀል ጫፍ በጥፍሯ ፈትሻ «ኋላውም እንደ ፊቱ ነው፤ ነይ» አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ እኔም እንደሷ ቁጥብ ሰው ደስ ይለኛል።

ማታ ደብተሩን አወጣሁ። የመጀመሪያውን ሌሊት ጻፍኩ። ሁለተኛው ላይ እርሳሱ ቆመ። እታለም ከትከሻዬ በላይ ታያለች፤ ማንበብ አትችልም፤ ግን ገብቷታል።

«ተይው» አለችኝ ቀስ ብላ። «አባትሽን አውቀዋለሁ። ያን ሌሊት ካየ አይለቅሽም። ከነገ በኋላ እኮ ማንም አይጠይቅሽም።»

እውነቷን ነው። ባዶ ቦታ አይዋሽም፤ ዝም ነው የሚለው። ዝም ማለት ደግሞ የኔ ሙያ ነው። ግን ከእማማ አስካል መደርደሪያ እስከዚህ ጋን ድረስ የመጣብኝ ሁሉ የመጣው በዝምታ ነው። ጻፍኩት። እንዳይከብደው በእሱው አኃዝ ጻፍኩለት፤ ፵፰።

እራቴን ሙሉ በላሁ። ስተኛ ለካሁ፤ 142። እታለም በትንሽ ብልቃጥ ማር አድርጋ ትራሴ አጠገብ አኖረች፤ «አሁን እኔም ልተኛ» አለችና ሳትተኛ አደረች። ዶሮ ሲጮኽ ነቃሁ። በመጨረሻው ስትሪፕ ለካሁ፤ 118። ማጅራቴ ደረቅ ነበር።

አራተኛው ቀን

መንገዱ ክፍት ነበር። ደብረ ወርቅ ላይ መኪናው ሲቆም እየሮጥኩ ወርጄ ከመናኸሪያው አጠገብ ካለው ቤታቸው ደረስኩና ለእማማ አስካል አንድ ብልቃጥ ማር ሰጠኋቸው።

«ይህስ ምንድን ነው?»

«ጠበል ነው» አልኳቸው። የመኪናው ረዳት እየጮኸብኝ ስመለስ ሳቃቸው እስከ መኪናው ይሰማ ነበር። የኔም ሳይሰማ አልቀረም።

አባቴ መናኸሪያ ላይ ቆሞ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል። ደብተሩን እዚያው ተቀብሎ ገለጠ። ጣቱ በመጀመሪያው ሌሊት ፫፻፲፪ ላይ ቆየ፤ ወረደ። ፵፰ ላይ ሲደርስ ቆመ። አውቶቡሶቹ ይጮኻሉ፣ ሰው ይገፋናል፤ እሱ አይንቀሳቀስም።

«ማን ቀሰቀሰሽ?»

«ማንም። ራሴ ነቃሁ።»

«በስንት ሰዓት?»

«ዶሮ ሲጮኽ።»

ደብተሩን አጠፈና ኪሱ ከተተው። ማሰሮዬን ተቀበለኝ። ቀድሞኝ ወደ ቤት ሄደ፤ እኔም ኪሱን እያየሁ ተከተልኩት። በራችን ጋ ሲደርስ ዘወር ሳይል፣ «ለሞጣው ብርድ ወፈር ያለ ጋቢ ያስፈልግሻል» አለኝ።

ያን ሌሊት በለመድኩት ሰዓት ነቃሁ። የቢቸና ዶሮዎች ይጮኻሉ። ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መስዬ ጠበቅሁ። የባትሪ ብርሃን አልመጣም፤ ኮቴም አልተሰማም። እጄን አንስቼ ማጅራቴን ዳሰስኩ፤ ደረቅ ነው። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ድምፅ ይሰማል፤ መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ ሰምቼው አላውቅምና። አባቴ ያንኮራፋል።